የኢያሱ ዛፍ ሚዜ

አማርኛችን ለእንስሳትና ለአእዋፍ ስም ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ ከመልካቸው ወይም ከጠባያቸው ይነሣል። ማታ ማታ በመብራት ዙሪያ የምትሽከረከረውን ትንሽ በራሪ ግን የሰየማት ከአሟሟቷ ተነሥቶ ነው፤ «የእሳት እራት» አላት። ኩራዙ ሲበራ ትመጣለች፣ ትዞራለች፣ ክንፏ ይቃጠላል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ፍጥረቶች መካከል ግን መብራት የማይጠራት፣ ሥራዋን በቀን ብርሃን የምትሠራ፣ የአንድ ሙሉ ጫካ ዕድሜ የተንጠለጠለባት አንዲት አለች። ወገኗ በሳይንስ ቋንቋ ቴጌቲኩላ ይባላል። ይህን ስም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ አገሯም ሩቅ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ የመሥሪያ ቤትዎን ፋይል ወይም የፈተና ደብተርዎን ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ያድርጉና ወደ ሞሃቪ በረሃ አብረን እንሂድ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አስቀድሜ ላስታውቅዎ።

በአሜሪካን አገር በካሊፎርኒያ ክፍል፣ ከሎስ አንጀለስ ከተማ ተነሥተው በአውቶሞቢል ወደ ምሥራቅ ይጓዛሉ። መጀመሪያ ከተማው አልቆ አያልቅም፤ መንደር መንደርን ይወልዳል። ከዚያ በኋላ በሁለት ታላላቅ ተራሮች መካከል ወዳለ በር ይደርሳሉ፤ በስተቀኝዎ የሚታየው ሳን ሐሲንቶ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚህ በር ነፋስ ሌትና ቀን ስለሚነፍስ፣ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰጡ የነፋስ መዘውሮች በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሲዞሩ ይታያሉ። እዚያ ላይ መንገዱን ወደ ሰሜን ይለውጡና ዳገቱን ይወጣሉ። ዛፉ ካሉት ሁለት ትናንሽ ከተሞች አንዱ ዩካ ቫሊ፣ ሁለተኛው «የኢያሱ ዛፍ» ይባላል። ከሎስ አንጀለስ እስከዚህ ድረስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከከተማይቱ በስተደቡብ የሚገኘው ብሔራዊ ፓርክ 3,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በውስጡም ሁለት በረሃዎች ይገናኛሉ። በምሥራቅና በደቡብ ያለው ዝቅተኛውና ሞቃቱ የኮሎራዶ በረሃ ነው፤ በምዕራብና በሰሜን ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ የሚለው ደግሞ ሞሃቪ ነው። አንድ ሰው ከአንደኛው በረሃ ወደ ሁለተኛው መሻገሩን ለማወቅ ካርታ አያስፈልገውም፤ የኢያሱ ዛፍ ካየ ሞሃቪ ገብቷል።

ይህን ዛፍ እንዴት አድርጌ እንደምገልጽልዎ እቸገራለሁ። ቁልቋል የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ ሲያየው የዘመድ ፊት ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን ቁልቋል ክንዶቹን በሥርዓት ወደ ሰማይ ሲያነሣ፣ ይህኛው አንዱን ክንድ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ጎን፣ ሦስተኛውን አጣሞ ወደ ምድር ይዘረጋዋል። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ እንደ ጩቤ የሾሉ ቅጠሎች ተሰብስበው እንደ ጃርት ቆመው ይታያሉ። ከቁልቋል ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዱ ቃጫ የሚሰጠው ተክል ነው። በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን ረጅሙ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። እንደ ሌሎች ዛፎች በግንዱ ውስጥ የዓመት ቀለበት ስለማይሠራ ዕድሜውን ቆጥሮ ለመናገር አይቻልም፤ የሚነገረው ሁሉ ከቁመቱ የተገመተ ነው።

ስሙን የሰጡት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በረሃውን ያቋረጡ፣ ሞርሞን የተባሉ ሃይማኖተኞች ናቸው ይባላል፤ የተዘረጉትን ቅርንጫፎች ባዩ ጊዜ ኢያሱ እጁን ዘርግቶ መንገድ የሚያሳያቸው መሰላቸው አሉ። መጽሐፍ ቅዱስን በሚገባ ያነበበ አንባቢ «እጁን አንሥቶ የዋለውስ ሙሴ ነው፤ ኢያሱ ከታች ሆኖ አማሌቅን ይወጋ ነበር» ብሎ ይሟገት ይሆናል። ሆኖም ኢያሱም በጋይ ከተማ ላይ ጦሩን ዘርግቶ ነበርና ስሙን ያለ ቦታው ተሰጠ ለማለት አይቻልም። የሰው ዐይን ደግሞ አንድ አይደለም። በ1844 በዚያ ያለፈው አሜሪካዊው አገር አሳሽ ጆን ፍሬሞንት ይህን ዛፍ ከዕፅዋት ሁሉ አስቀያሚው እርሱ ነው ብሎ ጽፎበታል። ካዊያ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ግን ከቅጠሉ ጫማና ቅርጫት ይሠሩ ነበር፤ እምቡጡንና ዘሩንም ይመገቡት ነበር። ለእነርሱ የመልኩ ነገር ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። የኢያሱ ዛፍ ክረምቱ በቂ ብርድና ዝናም ከሰጠው፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በክንዶቹ ጫፍ ላይ ትላልቅ የአበባ ዘለላ ያወጣል። አበቦቹ ወደ አረንጓዴ የሚያደሉ ነጭ፣ ቅጠላቸው ወፍራም፣ ሽታቸውም ብዙ ሰው የማይወደው ነው። ደግሞም ሰፊ ሆነው አይከፈቱም። የአበባው ዱቄት እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ነፋስ አይወስደውም፤ ንብ እንዲህ ወዳለው አበባ ገብታ የምትቀስመው ይህ ነው የሚባል ማር የለውም። እንግዲህ ዱቄቱን ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ማን ያድርሰው? ካልደረሰ ፍሬ የለም፤ ፍሬ ከሌለ ዘር የለም።

የሚያደርሰው አንድ ፍጡር ብቻ ነው። ክንፏን ስታጥፍ ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ መልኳ የጠቆረ የእሳት እራት! በሌሎች የዩካ ተክሎች ላይ የሚኖሩት እኅቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ በሌሊትም ይበርራሉ። የኢያሱ ዛፍዋ ግን ጥቁር ለብሳ ቀን ትሠራለች።

የአሠራሯን ነገር እባክዎ ቀስ ብለው ይከታተሉ፤ ችኮላ አይወድም። ሴቲቱ ከአፏ ግራና ቀኝ የወጡ፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ የሚታጠፉ ሁለት ቀጫጭን እጆች አሏት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከዩካ የእሳት እራቶች በቀር በሌላ ነፍሳት ላይ አልታየም። በመጀመሪያ ወደ አንድ አበባ ትገባና በእነዚህ እጆች ዱቄቱን ትፍቃለች፤ እንደ ሊጥ አድበልብላ ከአገጯ ሥር ትይዘዋለች። ከዚያ በኋላ ሸክሟን ይዛ ወደ ሌላ አበባ ትበርራለች። እዚያም በጅራቷ ጫፍ ባለው ስል ቧንቧ የአበባውን አንገት ወግታ እንቁላሏን ወደ ዘሩ ማኅፀን ታወርዳለች። ይህን እንደ ጨረሰች ወደ አበባው ራስ ትወጣለች፤ ከተሸከመችው ዱቄት ቆንጥራ፣ ዱቄቱ ሊገባበት በሚገባው ቀዳዳ ውስጥ በእጆቿ እየጠቀጠቀች ታስገባዋለች። ንብና ቢራቢሮ አበባን የሚያዳቅሉት ማር ፍለጋ ሲመላለሱ በአጋጣሚ ነው፤ ዱቄቱ በእግራቸውና በጠጉራቸው ተጣብቆ ሳያውቁት ይሄዳል። ይህችኛዋ ግን ተሸክማ ወስዳ፣ በቦታው አስቀምጣ፣ አጥብቃ ትመለሳለች።

ለራሷ የምታገኘው ጥቅም የለም። አዋቂዋ የእሳት እራት የምትኖረው ጥቂት ቀን ነው፤ በዚያም ጊዜ ምግብ አትቀምስም ለማለት ይቻላል። ዋጋውን የሚቀበሉት ልጆቿ ናቸው። እንቁላሉ ሲፈለፈል የሚወጣው ትል በማደግ ላይ ካለው ፍሬ ውስጥ ጥቂቱን ዘር እየበላ ያድጋል፤ የቀረው ዘር ለዛፉ ይሆናል። ትሉ ሲጠግብ የፍሬውን ልጥ በስቶ ይወጣል፣ ወደ መሬት ይወርዳል፣ አፈሩን ቆፍሮ ይገባል፣ በዚያም የሐር ድሩን ለብሶ ይተኛል።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ታውቃለች ወይ?» ይላሉ። አታውቅም። ማን አስተማራት? እናቷ እርሷ ሳትፈለፈል ሞታለች። ነገር ግን ይመልከቱ፤ ዱቄቱን ሳታስገባ እንቁላሏን ጥላ የሄደች እናት አበባዋ ይረግፋል፣ ልጆቿም አብረው ይጠፋሉ። ዱቄቱን ያስገባችው ልጆች ተርፈዋል፤ የእናታቸውን ጠባይ ወርሰዋል። ይህ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲደጋገም ዛሬ የምናየው ጥንቃቄ ተገኘ። ዕውቀት የሌለበት ጥንቃቄ ስለሆነ ደግሞ እኔን ይበልጥ ያስደንቀኛል።

ይህን ምሥጢር ለዓለም የገለጠው ቻርልስ ራይሊ የተባለ ሰው ነው። በ1843 በሎንዶን ተወለደ፤ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1868 ገና በሃያ አምስት ዓመቱ የሚዙሪ ክፍለ ግዛት የነፍሳት ሊቅ ሆኖ ተሾመ። (በዚህ ዕድሜ ያሉ አንባቢዎቼ ልብ ይበሉ።) በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚኖር ጆርጅ ኤንገልማን የሚባል ጀርመን ተወላጅ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ የዩካ አበባ ያለ ነፍሳት እርዳታ ፍሬ እንደማይሰጥ ተረድቶ፣ በአበባው ውስጥ ያያትን ነጭ የእሳት እራት ለራይሊ አመለከተው። ራይሊም ነገሩን ተከታትሎ በ1872 አሳተመ። ቻርልስ ዳርዊን ይህን ባነበበ ጊዜ በ1874 ለወዳጁ ለጆሴፍ ሁከር በጻፈው ደብዳቤ፣ ስለ አበቦች መዳቀል እስከዚያ ድረስ ከታተመው ሁሉ ይህን የሚያህል አስደናቂ ነገር የለም ሲል አድናቆቱን ገልጿል።

ራይሊ ለዚህች ፍጡር በመጀመሪያ ያወጣላት የወገን ስም ፕሮኑባ ነበር። ቃሉ ላቲን ነው፤ በሮማውያን ሠርግ ላይ ሙሽራይቱን የምታጅበው ሴት ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ሚዜ ልንላት እንችላለን። ምን ያህል የተስማማ ስም ነው! የሚያሳዝነው ግን ይህ ስም ቀድሞ ለአንድ የጥንዚዛ ወገን ተሰጥቶ ስለ ነበር በሕጉ መሠረት ተሻረ፤ ጀርመናዊው ዜለር በ1873 ያወጣው ቴጌቲኩላ የሚለው ስም ጸና። ሊቃውንቱ ሕጋቸውን ያክብሩ፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ሚዜ እያልኩ ብጠራት የሚከሰኝ ያለ አይመስለኝም።

ራይሊ የኢያሱን ዛፍ ሚዜ በ1892 ሲንቴቲካ ብሎ ሰየማት። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የዛፉ ሁሉ ሚዜ አንዲት ዓይነት ብቻ ናት ተብሎ ሲታመን ኖረ። በ2003 ግን ኦሌ ፔልሚርና ካሪ ሴግሬቭስ የተባሉ ተመራማሪዎች በረሃው ሁለት ዓይነት ሚዜዎች እንዳሉት አስታወቁ። በምዕራብ ያለችው ሲንቴቲካ ተለቅ ትላለች፤ በምሥራቅ ያለችው አነስ ያለችው አንቲቴቲካ ተባለች። ዛፎቹም ሲመረመሩ እንደዚሁ ሁለት ሆነው ተገኙ። የምዕራቡ ረዘም ያለ ግንድ አለው፤ የምሥራቁ አጠር ብሎ ከሥሩ ጀምሮ ይቀረነጫል። ከሁሉም በላይ የአበቦቻቸው አንገት ርዝመት ይለያያል፤ የእያንዳንዷ ሚዜ መጠንም ከራሷ አበባ አንገት ጋር ይስማማል። ከላስ ቬጋስ ከተማ በስተሰሜን በኔቫዳ ክፍል ቲካቡ የሚባል ሸለቆ አለ፤ ሁለቱም ዛፎችና ሁለቱም ሚዜዎች በአንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነው። ተመራማሪዎችም ሁለት ዝርያ እንዴት እንደሚለያይና እንደሚቀላቀል በዐይናቸው ለማየት ወደዚያ ይመላለሳሉ።

ውል ባለበት ሁሉ ውል አፍራሽ አይጠፋም። ፕሮዶክሰስ የሚባሉ የቅርብ ዘመዶች አሉ፤ እጅ የላቸውም፣ ዱቄት አይሸከሙም፤ ነገር ግን ልጆቻቸውን በዩካው አገዳ ወይም በፍሬው ልጥ ውስጥ ያሳድጋሉ። ከራሷ ከቴጌቲኩላ ወገን እንኳ ሥራውን ትተው፣ ሌላዋ ባዳቀለችው ፍሬ ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ወጥተዋል፤ የአንደኛዋ የሳይንስ ስም «አበላሺቱ» እንደ ማለት ነው። ሌላው የደከመበትን ሥራ ይዞ ደመወዝ መቀበል በየመሥሪያ ቤቱ ብቻ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዛፉም ሁሉን ዝም ብሎ አይታገሥም። በአንድ የዩካ ዝርያ ላይ በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙ እንቁላል የተጫነበትን አበባ ተክሉ ያረግፈዋል፤ ትሎቹም አብረው ይሞታሉ። ሚዜዋ ከልክ በላይ ልትወስድ ያልቻለችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የእነዚህ በራሪዎች ትዕግሥትም ሊነገር ይገባዋል። በረሃ ውስጥ ዝናም በየዓመቱ አይመጣም፤ ዛፉም በየዓመቱ አያብብም። ስለዚህ በአፈር ውስጥ ያለው ትል አንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ያ ሥራ ፈት ዘመዷ ፕሮዶክሰስ ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄሪ ፓወል በ2001 እንዳስታወቁት፣ ከኔቫዳ ተሰብስበው የተቀመጡ ትሎች ከ20፣ ከ25ና ከ30 ዓመት እንቅልፍ በኋላ ክንፍ አውጥተው ወጥተዋል። ከአንድ ወጣት ጸሐፊ የአገልግሎት ዘመን የሚስተካከል እንቅልፍ ነው።

ዛፉ ከሚዜዋ ሌላ ጥንት አንድ ወዳጅ ነበረው። ዛሬ ከምድር የጠፋ፣ ዘገምተኛና ግዙፍ የሆነ ቅጠል በል እንስሳ ነበር። ጂፕሰም በተባለ የኔቫዳ ዋሻ ውስጥ በተገኘው ኩበቱ ውስጥ የኢያሱ ዛፍ ስብርባሪ ስለታየ፣ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ሩቅ አገር ያደርስ ነበር ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ። ዛሬ ዘሩን የሚያጓጉዙት ሽኮኮና አይጥ የመሰሉ ትናንሽ እንስሳት ናቸው፤ እነርሱም አንድ መንደር እንኳ አያሻግሩትም። አየሩ ሲሞቅ ዛፉ ቀዝቃዛ ስፍራ ፍለጋ ወደ ዳገት በፍጥነት መሸሽ የማይችለው ስለዚህ ነው። ቢሸሽስ ሚዜዋ ትከተለው ይሆን? በ2018 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጥናት ይህን በፓርኩ ውስጥ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ስፍራ እየተዘዋወረ ተመልክቷል። ሚዜዋ የበዛችው፣ ዘሩም የተትረፈረፈው በመካከለኛው ከፍታ ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ዳርቻ ዛፎቹ ቢኖሩም እርሷ አልተገኘችም፤ እዚያ የሚተኩት ከሥራቸው በሚወጣ ቡቃያ ብቻ ነው። ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ዛፍ ሁሉ አንድ ነው፤ የቱ ልጅ እንዳለው፣ የቱ መካን እንደሆነ አያውቅም።

የአሜሪካን መንግሥት ዛፉን ለመጠበቅ መነሣቱ አልቀረም። ሚነርቫ ሆይት የተባሉ ሴት በብርቱ ከደከሙ በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1936 ስፍራውን አስከበሩት፤ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2023 ደግሞ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት የምዕራቡን የኢያሱ ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕግ መጥረቢያን ያግዳል፤ መብረቅን ግን አያግድም።

ከፓርኩ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሞሃቪ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ፣ ሲማ የሚባል እንደ ተገለበጠ ድስት የጎበጠ ሰፊ ኮረብታ አለ። በላዩ የነበረው የምሥራቁ የኢያሱ ዛፍ ጫካ በጥግግቱ የታወቀ ነበር። ነሐሴ 2020 መብረቅ ወደቀበትና እሳት ተነሣ። በጥቂት ቀን ከ17 ሺ ሄክታር በላይ ተቃጠለ፤ የሞቱት ዛፎች ቁጥር 1 ሚሊዮን 300 ሺ ያህል እንደሚሆን ተገመተ። በጥንቱ በረሃ አንድ ዛፍ በመብረቅ ቢነድድ በመካከል ባዶ አሸዋ ስላለ እሳቱ እዚያው ይሞት ነበር። ዛሬ ግን በብዙ የሞሃቪ ክፍል ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጡ ባዕድ ሣሮች ባዶውን ስፍራ ሞልተውታል፤ በበጋ ይደርቃሉ፣ እንደ ክብሪት እንጨትም እሳቱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ያደርሳሉ። በ2023 በዚያው ጥብቅ ስፍራ ሌላ እሳት ተነሥቶ ከፊተኛው በእጥፍ የሚበልጥ መሬት በላ።

ከ2021 ጀምሮ የጥብቅ ስፍራው ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በሲማ ላይ የኢያሱ ዛፍ ችግኝ መትከል ጀመሩ። አውቶሞቢል እንዳይገባ በተከለከለበት ክፍል ችግኙንና ውሃውን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ። እያንዳንዱን ችግኝ አይጥና ጥንቸል እንዳይበሉት በሽቦ ያጥሩታል፤ በበጋ ውሃ ያጠጡታል። ብዙው እንደሚደርቅ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይተክላሉ።

የተረፈው ችግኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያብብ ድረስ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሚዜዋ እስከዚያ ድረስ የምትኖረው እሳቱ ዘልሏቸው ባለፉ፣ በዓለቶች መካከልና በኮረብታው ዳር በቆሙ ጥቂት አሮጌ ዛፎች ላይ ነው። በመጋቢት ወር በዚያ የሚያልፍ ሰው ከእነዚህ ዛፎች የአንዱን ዝቅ ያለ ክንድ ቀርቦ፣ ወፍራሙን አበባ በጣቱ ከፈት አድርጎ ቢመለከት፣ ጥቁሯን በራሪ ሸክሟን ከአገጯ ሥር ይዛ ሊያገኛት ይችላል።